ስናፕሾት፣ መብራት፣ ጳጉሜ

ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ስክሪፕት (ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) የሚጽፈው ሰነፍ ስለሆነ ነው የምትል የሙያችን ቀልድ አለች። እኔን ብዙም አታስቀኝም። አንዳንዱን ስክሪፕት ጽፎ፣ ሞክሮ፣ አስተካክሎ ለመጨረስ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ሥራው ራሱ በማውዝ ቢሠራ ግን ሩብ ሰዓት አይወስድም። ታዲያ ምን አደከመህ ብትሉኝ፣ ሌላ ሰው እንዲያነበው ነው። በማውዝ የተሠራ ነገር ማን እንደሠራውና ስንት ሰዓት ላይ እንደሠራው ሲስተሙ ይመዘግባል፣ እሱስ ልክ ነው። ለምን እንደሠራው የሚያውቀው ግን ራሱ ሰውየው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወይ ፈቃድ ላይ ነው፣ ወይ ስልኩ አይነሳም፣ ወይ አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ከሄደ ሰንብቷል።

የምሠራው ባሕር ዳር ነው። ከቢሯችን ወጥቶ ጣና ዳር ለመድረስ ባጃጅ እንኳ አያስፈልግም። ሰርቨር ክፍሉ ግን መስኮት የለውም፤ ሐይቁንም ዘንባባውንም ለማየት ወጣ ማለት ግድ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከተማው ሲግል ከሁሉም በፊት ኤሲ የሚከፈትለት እሱ ነው፣ በዚህ የሚቀኑበት አሉ። ውስጡ ያሉት ፊዚካል ሰርቨሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በላያቸው የሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች ግን ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የራሱ ራም፣ የራሱ ዲስክ አለኝ ብሎ የሚያምን፣ ጎረቤቱን የማያውቅ ኮምፒውተር ነው። ፋይናንሱ አንዱ ላይ ነው፣ የሰው ኃይሉ ሌላው ላይ፣ መዝገብ ቤቱ ሌላው ላይ። እነዚህን ማሽኖች የሚያስኬደው ፕሮግራም አሮጌዎቹ ሰርቨሮች ላይ ቪኤምዌር ነው፣ አዲሶቹ ላይ ሊኑክስና ኬቪኤም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተዳደር ጣጣው ብዙ ነው፤ ሁለት ዓይነት የትእዛዝ መስመር (በማውዝ ፈንታ ትእዛዝ የሚጻፍበት) በየቀኑ ያስነካኛል፣ ይህን ግን አልጠላውም።

በቪኤምዌር በኩል የምንጠቀመው ፓወርሲኤልአይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በሌላ ስም ወጥቶ በ2009 ይህን ስም የያዘ፣ ፓወርሼል በሚባለው የማይክሮሶፍት የትእዛዝ ቋንቋ ላይ የሚሠራ መሣሪያ ነው። በኬቪኤም በኩል ደግሞ ትእዛዛችንን የሚቀበል ቨርሽ የሚባል መሣሪያ አለ። ኬቪኤም ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ቨርሽ የሚመልስላችሁ ጽሑፍ ነው፤ የማሽኖቹን ዝርዝር ስትጠይቁት በዓይን የሚነበብ ሰንጠረዥ ይጥልላችኋል፣ ከዚያ ርዕሱን መጣል፣ የምትፈልጉትን ዓምድ መቁረጥ፣ ባዶ መስመሩን ማጽዳት የእናንተ ፈንታ ነው። የማሽኑ ስም መሀል ክፍት ቦታ ካለማ ጉድ ፈላ። ፓወርሼልም ተርሚናሉ ላይ ጽሑፍ ያሳያችኋል፤ በፓይፑ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሚቀጥለው የሚያቀብለው) ውስጥ የሚያልፈው ግን ኦብጀክቱ ራሱ ነው፣ ስሙን፣ የያዘውን ራም፣ መብራትና መጥፋቱን እንደተሸከመ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ይሻገራል። ስለዚህ ከ8 ጊጋባይት በላይ ራም ተሰጥቷቸው ጠፍተው የተቀመጡትን ብቻ አምጣልኝ ለማለት ምንም መቁረጥ አያስፈልግም።

የሊኑክስ ወዳጆች እንዳትቀየሙኝ። ቨርሽም ስም ብቻ እንዲሰጥ ማዘዝ እንደሚቻል አውቃለሁ፣ ባሽንም፣ የሊኑክሱን የትእዛዝ ቋንቋ፣ እወደዋለሁ፣ ብዙ ቀን ከፓወርሼሉ አጭር ሆኖ ይወጣልኛል። ግን አጭር መሆኑ ለማን ይጠቅማል? ነገ የሚቀጠር ልጅ ጌት-ቪኤም የሚለውን ሲያነብ ማሽኖቹን አምጣ ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። በአውክና በሴድ (ጽሑፍ የሚቆርጡና የሚለውጡ የሊኑክስ ትእዛዞች) የተቀመረ መስመር ግን የጻፈው ሰው ራሱ ሲመለስበት ግንባሩን የሚያሽበት ነው።

ወደ ስናፕሾት ልምጣ። ስናፕሾት ማለት የማሽኑን የዚያን ሰዓት ሁኔታ እንዳለ ይዞ ማቆየት ነው። አፕዴት ልትጭኑ ነው እንበል፤ ስናፕሾት ትወስዳላችሁ፣ ነገሩ ከተበላሸ ወደነበረበት ትመልሱታላችሁ። እስካሁን ሸጋ ነው። ከተሳካ ግን ማን ያስታውሰዋል? ስናፕሾቱ ከተወሰደበት ደቂቃ ጀምሮ ዋናው ዲስክ አይነካም፣ ማሽኑ የሚጽፈው ሁሉ ከጎኑ በተከፈተ ሌላ ፋይል ላይ ይጠራቀማል። ያ ፋይል ያድጋል፣ ያድጋል፣ ዋናውን ዲስክ እስኪያክል ሊያድግ ይችላል። ቪኤምዌር ራሱ አንዱን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ፣ ከሁለት ከሦስት በላይ አትደርቡ ይላል፤ ሲስተሙ ግን እስከ 32 ድረስ ትንፍሽ ሳይል ይቀበላችኋል። ባክአፕ ነው ብሎ የሚያስቀምጠውም አለ፤ ዋናው ዲስክ ከተበላሸ ስናፕሾቱ ብቻውን ምንም እንደማይረባ ለማስረዳት ስንት ጊዜ አፌ ደርቋል። የጋራው ማከማቻ ዲስክ የሞላ ዕለት ደግሞ የሚቆመው ጥፋተኛው ማሽን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እዚያው ዲስክ ላይ ለመጻፍ ቦታ የሚፈልጉት ሌሎቹም አብረው ቀጥ ይላሉ።

ለባሕር ዳር ሰው ይህን ለማስረዳት እምቦጭ ማለት ይበቃል። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው ያ አረም አበባው ወይንጠጅ ነው፣ ያምራል። ያ የሚያምር ነገር ነው ዳርቻውን ሸፍኖ ለታንኳ መተላለፊያ የነሳው፣ ዓሣ አጥማጁን ያስመረረው። ከተሜውም ገበሬውም በዘመቻ እየወጣ ነቅሎታል፣ እሱም ተመልሶ በቅሏል። እኛም ስናፕሾትን የምናጸዳው በዘመቻ ነበር፤ ዲስኩ ሲሞላ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ይጠፋል፣ ይረሳል፣ በወሩ እዚያው ነን።

አሁን ጠዋት ጠዋት የምትሠራ አንዲት ስክሪፕት አለች። ጌት-ቪኤም፣ ፓይፕ፣ ጌት-ስናፕሾት፣ ፓይፕ፣ ከዚያ ዕድሜያቸው ከሦስት ቀን ያለፈውን ብቻ የሚያጣራ መስመር። የማሽኑ ስም፣ የስናፕሾቱ ስም፣ የተወሰደበት ቀን፣ መጠኑ በጊጋባይት። በቃ። ዝርዝሩን በኢሜይል ትልካለች እንጂ ምንም አታጠፋም።

ከፖሊ ተመርቆ የመጣው ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። «አለቃ፣ ካገኘችው አይቀር ለምን እዚያው አታጠፋውም?» አንደኛ፣ ስናፕሾት ማጥፋት ማለት ያ ያበጠ ፋይል ከዋናው ዲስክ ጋር እንዲዋሐድ ማድረግ ነው። ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል፣ ዲስኩንም ያስጨንቃል፤ በሥራ ሰዓት ከተጀመረ ፋይናንስ ክፍል ስልክ መደወል ይጀምራል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የማሽን ስም አለመታመኑ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ቴስት2 የሚባል ማሽን ነበር። ማን እንደከፈተው የሚያውቅ የለም፣ ሰነድ የለውም፣ ወፍ የለም። ስናፕሾቱም አርጅቷል። ስሙን ላየው ሰው ማሽኑ ራሱ ቢጠፋ የሚያለቅስለት ያለ አይመስልም፣ ልጁም ስናፕሾቱን ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም እንገላገለው ባይ ነበር። እስቲ ለየክፍሉ እናሳይ ብለን ዝርዝሩን ከየማሽኑ አድራሻ ጋር ወረቀት ላይ አትመን ዞርን። መዝገብ ቤት ስንደርስ ኃላፊዋ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉትና አንዱ መስመር ላይ ቆሙ። «ይቺ አድራሻዋ የኛ አይደለችም እንዴ?» አሉ። ልጁ ጠጋ ብሎ «የቷ እትዬ?» ሲል ያሳዩት ቴስት2ን ነው። የደብዳቤ ቁጥር የሚሰጡት በእሷ ኖሯል። ከዓመታት በፊት ለሙከራ ተከፍታ፣ ሙከራው ተወዶ፣ በዚያው ሥራ ላይ የቀረች። የመሥሪያ ቤቱ ወጪ ደብዳቤ ሁሉ የሚቆጠረው ቴስት2 ላይ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለን፤ የሚያጠፋ ስክሪፕት ሁለት ሰው ሳያነበው አይሠራም። ፓወርሼል ለዚህ የተመቸ ነው። የሚያጠፉና የሚለውጡ ትእዛዞች አብዛኞቹ ዋትኢፍ የምትል ተጨማሪ ይቀበላሉ፤ ምን ሊያደርጉ እንደነበር ዘርዝረው ይነግሯችኋል፣ አያደርጉትም። ቨርሽ ይህ የለውም። ስለዚህ ባሽ ላይ ስንጽፍ ከአደገኛው ትእዛዝ ፊት ኤኮ እናስገባለን፣ ትእዛዙ ሳይፈጸም ይታተማል። የታተመውን ሁለታችንም አንብበን ካመንንበት በኋላ ኤኮዋን እናነሳለን። ዘዴው ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፣ ማንም የባሽ ሰው ያውቀዋል፣ ግን እንደ ግዴታ የሚይዘው ጥቂት ነው።

ኮኔክሽኑም ሌላ ጉዳይ ነው። ከቤት ሆኖ የሰርቨሩን መስኮት በደካማ ኔትወርክ መጎተት ታውቁታላችሁ? ማውዙን ገፋ ታደርጋላችሁ፣ ቀስቷ ከብዙ ቆይታ በኋላ ዘላ ትመጣለች፣ ክሊክ ስታደርጉ ከስሯ ያለው ቁልፍ ሌላ ሆኗል። ኤስኤስኤች፣ ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበት መንገድ፣ የሚልከው ጥቂት ፊደል ነው፣ በቀጭን መስመርም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን የሠራው ዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል የሚለቅም ሰው ስለተገኘ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከደህንነቱ እኩል ክብደቱ ቀላል ስለሆነ እንወደዋለን። በላዩ ላይ ቲሙክስ የሚባል ፕሮግራም ሲጨመርበት መስመሩ ቢቆረጥም ሥራው አይቆረጥም። የተጀመረው ነገር ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፣ ኔትወርክ ሲመለስ ገብታችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ኢንተርኔት ጨርሶ በሌለበት ሰሞን ደግሞ ሌላው ችግር መልስ የሚጠየቅበት ቦታ ማጣት ነው። ጎግል የለም፣ ኤአይ የለም። ሊኑክስ ላይ «ማን» (man) የሚለው ትእዛዝ መመሪያውን እዚያው ይከፍትላችኋል። ፓወርሼል ላይ ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ሦስተኛው ቨርዥን ወዲህ የመመሪያ ፋይሎቹ አብረው አይጫኑም፤ ጌት-ሄልፕ ስትሉት አጽሙን ብቻ ያሳያችኋል። መስመር ባለበት ቀን ሴቭ-ሄልፕ ብላችሁ ፍላሽ ላይ አውርዱት፣ ከዚያ ለሌሎቹ ማሽኖች ከፍላሹ አፕዴት-ሄልፕ በሉ። የእኛ ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ ናት፣ በቀይ እስክሪብቶ «አትሰረዝ» ተብሎ ተጽፎባታል።

ክረምት ሲገባ የመብራቱ ነገር ይመጣል። ጣና በለስ ከሐይቁ ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል፣ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ጣቢያም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ አጠገባችን አለ። ይሁን እንጂ መብረቅ የሰፈሩን መስመር ሲመታ ማንም አያድናችሁም። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ) የሚሰጠው ደቂቃ ነው፣ ጀነሬተሩም ካማረው ይነሳል፣ ካላማረው አይነሳም። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ማሽኖቹ በሥርዓት መጥፋት አለባቸው። መጀመሪያ ተጠቃሚው የሚያያቸው ዌብ ሰርቨሮች፣ ከዚያ አፕሊኬሽኖቹ፣ መጨረሻ ላይ መረጃው የተቀመጠበት ዳታቤዙ። መብራት ሲመጣ በተቃራኒው፤ ዳታቤዙ ተነስቶ ሳይቆም አፕሊኬሽኑ ቀድሞ ከተነሳ የሚያገኘው የለምና ስህተት እያወጣ ይቀመጣል። ይህን ሌሊት ላይ በማውዝ አንድ በአንድ የሚያደርገው ሰው ማን ነው? ጥበቃው? እሳቸው ማድረግ የሚችሉት መደወል ነው፣ «ኧረ ያቺ ማሽን እየጮኸች ነው» ብለው።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ሊኑክስ ማሽን በኬብል ከዩፒኤሱ ጋር ተያይዛ ባትሪውን ትጠብቃለች። ባትሪው ሲደክም ስክሪፕቷን ትቀሰቅሳለች። እዚህ ላይ አንዲት ቃል ትልቅ ልዩነት ታመጣለች። ስቶፕ-ቪኤምጌስት ካላችሁ ውስጥ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጠይቆ፣ ፋይሉን ዘግቶ፣ ራሱ ይጠፋል። ስቶፕ-ቪኤም ካላችሁ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ተነቀለ ማለት ነው። ቨርሽም ላይ ሁለቱ አሉ፣ ሸትዳውን እና ዴስትሮይ። ዴስትሮይ ስሙ ያስፈራል እንጂ ዲስኩን አይሰርዝም፣ እሱም ገመድ ነቃይ ነው። የእኛ ስክሪፕት ሁሉንም በጨዋ ደንብ ትጠይቃለች፣ ትጠብቃለች፣ እምቢ ያለውን ደግማ ትጠይቃለች፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ብቻ ትነቅላለች። ጨዋነት የማይገባው ማሽን ሁሌም አለ፣ ብዙ ጊዜ አፕዴት ላይ ነኝ የሚል ዊንዶውስ ነው።

ይህ ካልሆነ ጠዋት ላይ ዳታቤዙ ተበላሽቶ ይገኛል። ያኔ ከመራዊ በሌሊት ሚኒባስ ተሳፍሮ የመጣ ሰው መስኮቱ ጋ ደርሶ «ሲስተም የለም» ይባላል። ትራንስፖርቱን፣ ቀኑን፣ ምናልባትም አዳሩን ከፍሎ። ስለ ሰርቨር ሲወራ ይህን ሰው የሚያነሳው የለም።

የማጥፊያው ቅደም ተከተል ያለው ስክሪፕቱ ውስጥ አይደለም። ለብቻው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በየመስመሩ አንድ የማሽን ስም፣ ከጎኑ ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ በአማርኛ። በአማርኛ መጻፉ መጀመሪያ ላይ አጨቃጭቆናል፣ ኮድ ውስጥ አማርኛ ምን ይሠራል የሚል ነበር። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ በሰባራ እንግሊዝኛ ከተጻፈ ማስታወሻ ጥርት ያለ አማርኛ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ አሮጌው ዊንዶውስ ፓወርሼል፣ 5.1 ማለቴ ነው፣ ፋይሉ ቦም (መጀመሪያው ላይ የሚቀመጥ ስውር ምልክት) ያለው ዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ አቀማመጥ) ሆኖ ካልተቀመጠ ፊደላችንን ወደ ጉራማይሌ ምልክት ይለውጠዋል። አዲሱ ይህ ችግር የለበትም።

ቪኤምዌርን ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ከገዛው በኋላ አንዴ ከፍሎ ለሁልጊዜ የሚያዝ ላይሰንስ መሸጥ ቀርቷል። እኛም ቀስ በቀስ ሁሉንም ወደ ኬቪኤም እያዛወርን ነው። የፓወርሲኤልአይ መስመሮቻችን እዚያ አይሠሩም፣ እንደ አዲስ ይጻፋሉ። ያቺ የጽሑፍ ፋይልና የአማርኛው ማስታወሻ ግን እንዳሉ ተሻገሩ፤ ለምን መዝገብ ቤት ከፋይናንስ በፊት እንደሚጠፋ ማንም እንደገና መጠየቅ አላስፈለገውም።

አሁን ደግሞ ቀን። የሰዓቱን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ባክአፑ ማታ 4 ሰዓት ይጀምር የሚል መልእክት ሲመጣ ክሮን (ሥራን በተያዘለት ሰዓት የሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) ላይ 4 ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም፣ ያ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ ሠራተኛ ሲገባ ባክአፑ ገና እየሄደ ነው። ይህ በማስታወሻ ይፈታል። ወሩ ነው አስቸጋሪው። ፋይናንስ የሚፈልገው በየወሩ መጨረሻ የዳታቤዙ ቅጂ እንዲቀመጥ ነው፣ በእኛ ወር። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሰኔ 30 ግልግል ነው፣ ሁልጊዜ ጁላይ 7 ላይ ስለሚውል ቀን 7 ወር 7 ብሎ መተው ይቻላል። መስከረም 30 ግን በደህናው ጊዜ ኦክቶበር 10 ነው፣ ጳጉሜ 6 ሆና ባለፈች ማግስት ግን ኦክቶበር 11 ይሆናል። በ2016 ሆኗል፣ በ2020 ይደገማል። ልዩነቱ የፈረንጁ ፌብሩዋሪ 29 መጥቶ እስኪያስተካክለው ይቆያል።

እኔ ለዚህ የቀኖች ሰንጠረዥ አዘጋጅቼ ነበር፣ ከላዩ ላይም በ2020 መስከረም ወንበሬ ላይ ለሚቀመጠው ሰው ረዘም ያለ ማስታወሻ። ልጁ አነበበና ሳቀ። «አለቃ፣ የእኛ ዘመን አቆጣጠር እኮ ለማሽን ከፈረንጁ ይቀላል» አለኝ። ወራችን ሁሉ 30 ነው፣ አራት ዓመት ሁልጊዜ 1461 ቀን ነው። ቀኑን ቆጥሮ ማካፈልና ቀሪውን ማየት ነው፤ ነገ 1 ከሆነ ዛሬ ወር አልቋል። ስክሪፕቱ በየማታው ይነሳል፣ ይጠይቃል፣ አይደለም ከተባለ ይተኛል።

የቀረችው ጳጉሜ ናት። በዚህ ስሌት ነሐሴ 30 ላይ አንዴ፣ ጳጉሜ ማለቂያ ላይ ሌላ ጊዜ ወር ይዘጋል። ትዘጋ ወይስ አትዘጋ ብለን የፋይናንስ ኃላፊውን ልንጠይቅ ሄድን። «ጋሼ፣ ጳጉሜን እንደ ወር እንቁጠራት?» አላቸው ልጁ። «ደመወዝ የሌላት ወር ምን መዝጊያ አላት? ከነሐሴ ጋር አንድ ላይ አድርጓት» አሉት፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

ልጁ ተመልሶ አንድ መስመር ጨመረ፣ ከጎኑም በአማርኛ «የነሐሴ መዝጊያ ጳጉሜ ማለቂያ ላይ ነው፤ ፋይናንስ እንደዚያ ብለዋል» ብሎ ጻፈ። የእኔ ማስታወሻ ብቻውን ከእሱ ስክሪፕት ይረዝማል። ሰንጠረዡን አንስተን የእሱን አስገባን።